ቅዳሜ የሚጠፋው ጫማ

አብዱልናስር ጫማ ሲሰጡት መጀመሪያ ያሸተዋል። አፍንጫውን ጫማው ውስጥ ሲከት ያየ አዲስ ደንበኛ ፊቱን ያኮሳትራል፤ የቆየ ደንበኛ ግን ለምዶታል። ከዚያ እጁን እስከ ጫፉ ድረስ ያስገባና ዓይኑን ጨፍኖ ውስጡን ይዳብሳል። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። በዚያ ቀን ውሃ አያስነካውም። «ነገ ይታጠባል፣ ዛሬ ልየው» ነው መልሱ። የቸኮለ ሰው ቢቆጣም አይሰማም።

የሚሠራው መገናኛ ላይ፣ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ጀርባ፣ ደረጃው ሥር ባለች፣ ረጅም ሰው ቀና ብሎ በማይቆምባት ክፍል ውስጥ ነው። ሕንፃው ሳይሠራም እዚያው አካባቢ ሊስትሮ ነበር። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጫማ ጠራጊ ሲሉት ፊት ለፊት ባይናገርም ቅር ይለዋል። መጥረግማ ማንም ይጠርጋል። የእሱ ሥራ ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠበትን የቆዳ ጫማ ወስዶ፣ ለዓመታት የተደራረበበትን ቀለም ማንሳት፣ በሳሙና ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅ፣ ቆዳው ይበቃኛል እስኪል ቅባት ማጠጣት፣ የተፋቀውን ማቅለም፣ በመጨረሻም በሰምና በጥቂት የውሃ ጠብታ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በጨርቅ ማሸት ነው። ጫማ ፀሐይ ላይ የሚያደርቅ ሰው ካየ ባያውቀውም ይቆጣዋል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አብዱልናስርን በዚህ ሥራ ላይ ያቆየው ማሳመሩ ብቻ አይደለም። የሰው ነገር ማወቅ ይወዳል። ሌላው ሰው ስለ ሰው ለማወቅ ጎረቤት ይጠይቃል፣ እሱ ጫማ ያገላብጣል። የቀኝ ተረከዙ ከኋላ በኩል ብቻ የተበላ ከሆነ ሹፌር ነው። የግራው ጫፍ ከላይ ከተፋቀ ሞተር ሳይክል ነጂ ነው፣ ማርሹን በዚያ እግሩ ነውና የሚያነሳው። ማሰሪያው ሳይፈታ ተረከዙ የተጨፈለቀ ከሆነ ልጅ የበዛበት አባት ነው ይላል፤ ለዚህኛው እንኳ ማስረጃ የለውም። ከገመተ በኋላ ባለቤቱ ሲመጣ ጠይቆ ያረጋግጣል። ከዐሥር ስምንቱን ያገኛል። የሳተ ዕለት ምሳ አይበላለትም። የሕንፃው ነጋዴዎች «መርማሪው» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ እንደ መናደድ ይልና በሆዱ ደስ ይለዋል።

አንዴ ግን ጉድ ሠርቷል። አንዲት ልጅ የእጮኛዋን ጫማ ስታመጣ፣ ሳትጠይቀው «ይሄ ልጅ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነው» አላት። እሷ የምታውቀው መሐንዲስ መሆኑን ነው። ልጅቷና እጮኛዋ አንድ ወር ሙሉ ተኳርፈው ከረሙ። ልጁ እውነትም መሐንዲስ ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ መሐንዲስም ይቆማል። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሻርፕ የምትሸጠው ሚስቱ ፋዲላ ነገሩን ስትሰማ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈችው። ከዚያ ወዲህ ያየውን በሆዱ ይይዛል፤ ቢያንስ ለመያዝ ይሞክራል።

አፀደ የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ቢሮ ጸሐፊ ናት፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በደረጃው ስትወጣ ስትወርድ ስለሚያያት በሩቁ ያውቃታል። ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ ኋላዋን አየች።

ከፌስታሉ ያወጣችው ባለ ማሰሪያ ጥቁር የወንድ ጫማ ነው። ጥሩ ቆዳ፣ ድሮ በደንብ የተያዘ፣ አሁን ግን በአቧራ የታፈነ።

«ይታደስ?» አላት።

«አይ» አለች። «ጫማ አይተው ሰው የት እንደሚውል ያውቃሉ ይባላል። እውነት ነው?»

«ሰው ያጋንናል እህቴ።»

«የባለቤቴ ጫማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄድ እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

አብዱልናስር የሲሚንቶው ነገር ትዝ አለውና ጫማውን ወደ እሷ መለስ አደረገው። ይቅርብኝ አላት። እሷ ግን አልተነሣችም። ባሏ ኃይሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የሚኖሩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወንጌል የምትባል አንዲት ልጃቸው በኩላሊት ሕመም ሞተች። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ሽማግሌ ሆኖ ያገለግልበት የነበረውን ቸርች ተወ፣ ከሰው ተለየ፣ ቤት ውስጥም ከሰላምታ ያለፈ ቃል የለውም። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሙሉ ልብሱን ይለብሳል፣ ይህንን ጫማ ያደርጋል፣ «ትርፍ ሰዓት ሥራ አለ» ብሎ ይወጣል። ቀትር ላይ ተመልሶ ሳይናገር ይተኛል። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ተሰልፋ አብሮት የሚሠራ ሰው አገኘችና ቅዳሜ ሥራ በዛባችሁ አይደል ብትለው፣ መሥሪያ ቤታቸው ቅዳሜ ቀን ከፍቶ እንደማያውቅ ነገራት።

«ሌላ ቤት ካለው ልወቀው» አለች አፀደ። «ካለው ደግሞ አልጣላውም፣ እለቀዋለሁ። ሳላውቅ አብሬው መተኛት ግን አቃተኝ።»

«እሱንስ ቢጠይቁት?»

«ቢዋሸኝስ? ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ?»

እውነቱን ለመናገር፣ እሷ ስታወራ እጁ ሳይታወቀው ጫማው ውስጥ ገብቶ መዳበስ ጀምሮ ነበር። ማን በሙሉ ልብስና በዚህ ጫማ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል? ወዴት? ነገ ዓርብ በዐሥራ አንድ ሰዓት ነይ አላት፤ ወዲያው ደንግጦ «ይምጡ» ብሎ አረመው። ኃይሉ ቅዳሜ ስለሚፈልገው ጫማው ከነገ ማታ ማለፍ የለበትም።

ዓርብ ጠዋት ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አደረገ። ጫማውን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ መብራቱን አወረደ። የሶሉን ጠርዝ በወስፌ ጫፍ ሲጭረው ቀይ አፈር ወረደ። መገናኛ እንዲህ ያለ አፈር የለም፣ አባዶም የለም። ከተረከዙና ከሶሉ መጋጠሚያ ደግሞ አንዲት የባሕር ዛፍ ፍሬ ተሰንቅራ ተገኘች። «እንጦጦ!» አለ ለራሱ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ጫፉ ነው። የጫማው ጫፍ፣ ጣት የሚያርፍበት ላይኛው ቆዳ፣ በጠጠር ተፍቆ ቀለሙ ጠፍቷል። የግራው ብቻ ቢሆን ሞተር ሳይክል ይል ነበር። ግን የቀኙም እኩል ተፍቋል። ቆዳው ጣቶቹ በሚታጠፉበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ተጨማዶ፣ ጭምድዱ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ እሱም በሁለቱም ላይ እኩል። ሰው ሲራመድ እንዲህ አያጥፈውም። መኪና ሥር የሚተኛ መካኒክ የሚፍቀው ተረከዙን ነው። ኳስ የሚጫወት አንዱን እግር ያስበልጣል። ዳገት መውጣት ሶል ይበላል እንጂ ላዩን አይነካም። አብዱልናስር ጢሙን እያሻሸ ክፍሏ ውስጥ ተንጎራደደ፤ ሁለት እርምጃ ወዲያ፣ ሁለት እርምጃ ወዲህ። ከዚያ አይበቃለት ብሎ የራሱን ጫማ እንዳደረገ ወለሉ ላይ ተንበረከከና አንገቱን አዙሮ እግሩን ማየት ጀመረ። የጫማው ሁለት ጫፍ ወለሉ ላይ አርፏል፣ ቆዳው ከመሀል ታጥፏል። ልክ እንደዚያ!

ፋዲላ ምሳ ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ምን ሆነሃል? ለጁምዓ ገና ነው እኮ።»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው።»

«ቂብላውስ ጠፋህ እንዴ? ወደ ሽንት ቤቱ እኮ ነው የዞርከው። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጫማ አድርገህ የምትሰግደው?»

«አልሰገድኩም! ሥራ ላይ ነኝ!» አለና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። ፋዲላ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ሰውየው እያረጀ ነው የሚል ነገር እያጉረመረመች ወጣች። አብዱልናስር የተናገረችውን ልብ አላለም። ልብ ቢል ኖሮ ቀኑን ሙሉ ባልደከመ ነበር።

ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄደ። ሶላቱ እንዳለቀ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወጣና በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የተደረደረውን ጫማ እየተመለከተ ቀረ። በመቶ የሚቆጠር ጫማ ነው፤ የሚሰግዱ ሰዎች ሁሉ ጫማ ነው፣ ቀን በቀን አምስት ጊዜ ጉልበታቸው መሬት የሚነካ ሰዎች። አንዱም ጫፉ እንደዚያ የተፋቀ የለም። ቆይቶ ግን አንድ አየ፤ ሁለቱም ጫፍ የተላጠ፣ መሀሉ የታጠፈ። ባለቤቱ እስኪመጣ ጠበቀ። ባለቤቱ ኢማድ የሚባል የሠፈሩ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ሥራው ኮብልስቶን ማንጠፍ ነው።

«ጫማህን ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሆነው?» አለው።

«ተንበርክኬ አይደል እንዴ የምውለው» አለ ኢማድ። «ድንጋይ ቆሞ አይነጠፍም።»

አብዱልናስር ከደስታው ብዛት ኢማድን አቅፎ ሳመው፣ መረቀውም። ኢማድ ምን እንደሠራለት ሳያውቅ አሚን ብሎ ሄደ።

አፀደ በዐሥራ አንድ ሰዓት ስትመጣ አብዱልናስር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በርጩማውን አቀረበላት። ሴትዮዋ ፊቷ ገርጥቷል፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ ቤት የለውም» አላት ሳይቀመጥ። «ሌላ ሥራ ነው ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ኮብልስቶን ያነጥፋል።»

አፀደ አፍ አፉን አየችው። «ኃይሉ? ኮብልስቶን?»

«እርስዎ እንዳያውቁበት በሙሉ ልብስ ይወጣል። ቸግሮት ይሆናል፣ ወይ አንድ ነገር ሊገዛልዎ ይሆናል፣ ይሄን ጫማው አይናገርም። ግን ሰውዬው ተንበርክኮ ነው የሚውለው። ይኸው አፈሩ፣ ይኸው ፍሬው። ጫፉን ይመልከቱ፤ ሁለቱም እኩል። እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ስታምነው ስላላየ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወለሉ ላይ ተንበረከከና የጫማውን ጫፎች በጣቱ አሳያት። አፀደ ለመከልከል እጇን ዘረጋች፤ ትልቅ ሰው እግሯ ሥር ሲንበረከክ አፈረች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይቆዩ፣ እንዳይነሡ» አለችው። «እጅዎን እዚያ የሥራ ወንበርዎ ላይ ያድርጉ። ሁለቱንም። አሁን ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ግንባርዎ እጅዎን ይንካ።»

አብዱልናስር እንዳለችው አደረገ፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ካለው ጉጉት የተነሣ ዘፈን ዝፈን ብትለውም ይዘፍን ነበር። ከኋላው ድምፅ ሲያጣ ቀና ብሎ አያት። አፀደ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

«ኃይሉ ነው» አለች። «ልክ እንደዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሳሎናችን ውስጥ እንደዚህ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።»

«ኮብልስቶን?»

«የምን ኮብልስቶን! እየጸለየ ነው እንጂ!»

አብዱልናስር ጫማውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ጫማውን አየ። «ጫማውን ሳያወልቅ?»

«እኛ ጫማ አናወልቅም» አለች አፀደ። እያለቀሰች ሳቀች። «ቸርች ውስጥም አናወልቅም፣ ቤትም አናወልቅም። ኃይሉ ደግሞ ሙሉ ልብስ ሳይለብስና ጥሩ ጫማ ሳያደርግ ጸልዮ አያውቅም። ጌታ ፊት በነጠላ ጫማ አይቀረብም ይል ነበር።»

አብዱልናስር የሥራ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ሲያገላብጥ፣ ይሄ አንድ ነገር ዓይኑ ሥር ሆኖ አላየውም። እሱ የሚያውቀው ጸሎት፣ የመስጊዱም ሆነ የኦርቶዶክሶቹ፣ ጫማ በር ላይ የሚቀርበት ነው። ስለዚህ ጠዋት እዚችው ወለል ላይ በጉልበቱ ቆሞ፣ ሚስቱ እንኳ ስትነግረው፣ ሰው ጫማ እንዳደረገ ከፈጣሪው ጋር ይነጋገራል ብሎ አላሰበም። መስጊድ በር ላይ ጫማ ሲቆጥር የዋለውን አስታውሶ በራሱ አፈረ። እፍረቱ ግን ብዙ አልቆየበትም፤ አዲስ ነገር ማወቁ በለጠበት።

«ታዲያ ለምን ይደብቅዎታል?» አላት።

አፀደ ዓይኗን ጠረገች። «ልጃችንን የቀበርን ዕለት፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሲወጣ፣ ሳሎን መሀል ቆሞ ‹ይሄ ጉልበት ከዛሬ በኋላ አይንበረከክም› አለኝ። እስኪበቃን ተንበርክከን ለምነን ነበራ፤ ቸርቹ በሙሉ ጾሞላት ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ልጸልይ ስል ተነሥቶ በረንዳ ላይ ይወጣል። እንዲህ ብሎኝ ሲያበቃ እንዴት ፊቴ ይንበረከክ? አፍሮ ነው። ከኔ አፍሮ ነው ጫካ ለጫካ የሚንከራተተው።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ ተንበርክካለች፤ እሱም እዚያ ለብቻው። አብዱልናስር ጫማውን አንሥቶ በጨርቁ ጠቀለለው።

«እንግዲያው አልነካውም» አላት። «አፈሩም እንዳለ ነው፣ ፍሬዋንም ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ። እንደነበረ ይወስዱታል፤ አያውቅብዎትም።»

አፀደ ጫማውን ከጨርቁ ውስጥ መልሳ አወጣችው። በአውራ ጣቷ ስንጥቁን ዳሰሰችው።

«ይሄ እስከ መቼ ይቆያል?»

«ሁለት ቅዳሜ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ ይበጠሳል።»

«እንዳይበጠስ ይሥሩልኝ።»

«ከሠራሁት ያውቃል።»

«ይወቅ» አለች።

አብዱልናስር ወደ ሥራው ገባ። ለማጠብ ጊዜ ስላልነበረ አሮጌውን ቀለም በእርጥብ ጨርቅ አነሣው። ስንጥቁን በቅባት አርሶ፣ እስኪለሰልስ ድረስ በመዳፉ ሙቀት አሸው። ከዚያ እንደ ወረቀት የሳሳ ቆዳ ቆርጦ ከውስጥ በኩል አጣበቀበት፤ እግር እንዳይቆረቁር ዳር ዳሩን በምላጭ አሳሳው። ጭምድዱን ለማጥፋት አልሞከረም። ሌላ ቀን ቢሆን ጫማው አዲስ እስኪመስል ድረስ ይጠበብበት ነበር፤ ዛሬ የፈለገው እንደልቡ እንዲታጠፍ ብቻ ነው። የተፋቀውን ጫፍ ጥቁር ቀለም ቀብቶ በሰም ማሸት ሲጀምር የአፀደ ስልክ ጮኸ።

ስክሪኑን አይታ ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ አነሣችው።

«አቤት ኃይሉ... መገናኛ ነኝ... አዎ፣ እኔ ጋ ነው፤ እያሠራሁት ነው።» ጫማውን አየች። «ከፊት ለፊቱ ተሰንጥቆ ነበር። ከመንበርከክ ነው አሉኝ።»

ውጪ የታክሲ ረዳቶች «አባዶ! አባዶ የሞላ!» እያሉ ይጣራሉ። የአብዱልናስር ጨርቅ ጫማው ላይ እንዳለ ቆሟል። ከስልኩ አንድ ቃል ለመስማት ጆሮውን ቢያቆምም ምንም አልደረሰውም። አፀደ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አለሁ፣ አልሄድኩም» አለች። ደግሞ ቆይታ፣ «አልተቆጣሁም» አለች። ደግሞ ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ነገ እኔም ልምጣ?» አለችው።

መልሱ ምን እንደሆነ አብዱልናስር አልሰማም። እሷም «እሺ» ብላ ስልኩን ከዘጋች በኋላ አልነገረችውም። ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠይቅ መልሶ ዘጋው።

አፀደ ግን ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። ስስ፣ አጭር ተረከዝ ያለው የቢሮ ጫማ ነው። ከኃይሉ ጫማ አጠገብ አኖረችውና፣

«ይሄስ እንጦጦን ይችላል?» አለችው።

አብዱልናስር አንሥቶ አጠፍ ዘርጋ አደረገው።

«አይችልም» አላት። «ሶሉ ሳስቷል። ጫፉም ለመንበርከክ አይሆንም፣ በአንድ ቀን ይላጣል። ግራውንም ይስጡኝ።»

ግራውንም አውልቃ ሰጠችው፤ እሱም ወፍራሙን ሶል ፍለጋ ወደ መደርደሪያው ዞረ።